የንፋስ ስልክ ልጅ ከንፋስ ጋር

አባቴ የንፋስ መውጫ ሰው ነው፤ እኔ ተወልጄ ያደግኩት ንፋስ ስልክ ነው። ይህን የሰማ ሰው ቤተሰባችን ከንፋስ ጋር የቆየ ዝምድና ያለው ሊመስለው ይችላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ንፋስ በእኛ ቤት ከበሩ ሥር በአሮጌ ጨርቅ የሚወተፍ፣ በመስኮት በኩል በካርቶን የሚመከት፣ በር ላይ ደግሞ በነጠላ የሚጠበቅ ጠላት ነበር።

በየክረምቱ ወደ አባቴ አገር በአውቶቡስ ስንሄድ የነበረው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ስልሳ ሰው፣ ሦስት ዶሮ፣ አንድ ቅል ቅቤ፤ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ቅቤው ቀልጦ፣ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው፣ እኛም እንደ ዶሮዎቹ ሆነን፣ አንድ የቸገረው ወጣት መስኮቱን ጣት በምታህል ስንጥቅ ገርበብ ያደርጋል። ወዲያው አውቶቡሱ ሙሉ በአንድ ድምፅ «ዝጋው! ንፋስ ልታስመታን ነው?» ይላል። በታሪፍ፣ በፖለቲካ፣ በቤንች ወንበር ይዞታ ሲጨቃጨቁ የዋሉ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ አንድም ድምፀ ተአቅቦ የላቸውም። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሰውዬ በአንድ እጃቸው ፌስታል ይዘው እያስመለሱ፣ በሌላ እጃቸው «መስኮቱን ዝጉት» ብለው ሲጠቁሙ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዲህ ያደገ ሰው ነው እንግዲህ በአርባ አንድ ዓመቱ፣ በሆላንድ አገር፣ ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ ዱአትሎን ለሚባል ውድድር የተሰለፈው።

ነገሩ የተጀመረው በመሥሪያ ቤቴ በቡና ሰዓት ነው። አዳማ ተወልዳ በአሥራ አምስት ዓመቷ ሆላንድ የገባችው ሲፋን ሀሰን እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክን ማራቶን ካሸነፈች ወዲህ፣ በዚህ አገር ኢትዮጵያዊ ሆኖ አለመሮጥ ማስረጃ የሚጠየቅበት ጉዳይ ሆኗል። እኔ በሕይወቴ የሮጥኩት ከታክሲ ኋላ ብቻ ነው፤ እሱንም አብዛኛውን ጊዜ አልደረስኩበትም። አንድ ባልደረባዬ ግን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ እንደነበር ሰምቷልና «አንተም ትምህርት ቤት የምትሄደው በሩጫ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። የእኛ ቤትና ትምህርት ቤቱ አንድ አጥር ነበር የሚጋሩት። አገሬን ማሳፈር ከበደኝና «አንዳንድ ጊዜ» አልኩት። በማግስቱ አስመዘገበኝ፤ አሮጌ የውድድር ብስክሌቱንም አዋሰኝ።

ዱአትሎን በስም ሁለት ስፖርት ነው፤ ሩጫና ብስክሌት። በሥራ ግን ሦስት ነው። ትሮጣለህ፤ ብስክሌት ትነዳለህ፤ ከዚያ ጤነኛ ሰው ቤቱ በሚገባበት ሰዓት ብስክሌቱን አቁመህ እንደገና ትሮጣለህ። የእኛ አጭሩ ነበር፤ 5 ኪሎ ሜትር፣ 20 ኪሎ ሜትር፣ በመጨረሻም 2.5 ኪሎ ሜትር። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዞፊንገን በምትባል ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ሮጠው፣ 150 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ተራራ ለተራራ ዞረው፣ እንደገና 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ሰዎች አሉ። እነሱ ምን በድለው እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቅ።

ወሬው ለሐበሻው ሲደርስ የቀረበልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ይከፈልሃል?» የሚል ነበር። የምከፍለው እኔ መሆኔን ስናገር ቡናው ለጊዜው ተቋረጠ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር ለመሮጥ የሚከፍል ሐበሻ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጡብኝም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም መላኳን፣ ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ትልቁ የብስክሌት ውድድር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን አስታወሱኝ። ይህ ሁሉ ታሪክ በተዋስኩት ብስክሌት ኮርቻ ላይ ሲጫን ተሰማኝ። «ባንዲራ ይዘን እንመጣለን» አሉ። አይምጡ ማለት አይቻልም።

እናቴ በስልክ ስትሰማ ያሳሰባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ንፋስ አለው?» አለችኝ። አገሩ በሙሉ ሜዳ መሆኑን፣ ከባሕሩ ተነሥቶ የሚመጣውን ንፋስ የሚያቆም አንድ ጉብታ እንኳ አለመኖሩን አልነገርኳትም። «ትንሽ አለው» አልኩ። «እዚያ ዳማ ከሴ ይገኛል?» አለች።

በውድድሩ ቀን ንፋሱ በእነሱ መለኪያ ስድስት ነበር፤ በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይሰረዛል ብዬ ስልኬን ከንጋት ጀምሮ አፈጠጥኩበት። የሰዎቹን ጠባይ ባውቅ ኖሮ እንቅልፌን እተኛ ነበር። እነዚህ ሰዎች በዜላንድ ክፍለ ሀገር፣ የባሕር ማዕበል ለመግታት በተሠራው የኦስተርስኬልደ ግድብ ላይ፣ ማርሽ በሌለው ተራ ብስክሌት ንፋስን ፊት ለፊት እየገፉ 8.5 ኪሎ ሜትር የሚወዳደሩበት ብሔራዊ ሻምፒዮና አላቸው። ንፋሱ ሰባት ካልሞላ ውድድሩ አይካሄድም! እኛ ሠርግ ዝናብ ይሰርዝብናል ብለን ስንሰጋ፣ እነሱ ማዕበል ይቀርብናል ብለው ይሰጋሉ።

ሩጫው ሲጀመር ንፋሱ ከኋላ ነበር። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። መሬቱ በራሱ እየተጠቀለለ ወደ ኋላ ይሄድልኝ ጀመር፤ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከመሪዎቹ ጋር ነበርኩ። ሐበሾቹ ባንዲራ እያውለበለቡ እልል አሉ። ጋሼ «በለው!» ሲሉ ሰማሁ። ባልደረባዬ «አላልኳችሁም?» በሚል ፊት ሰዎቹን ያያል። ከዚያ መንገዱ አንድ ግድብ ጋ ደርሶ ዞረ፤ እኔና ንፋስም ፊት ለፊት ተገናኘን። ስለ ቀሪው ሩጫ ብዙ መናገር አልፈልግም። ሐበሾቹ ጋ ተመልሼ ስደርስ ባንዲራው አይውለበለብም፤ ጋሼ ንፋስ እንዳይመታቸው አንገታቸው ላይ ጠምጥመውት ነበር።

ብስክሌቶቹ የተሰቀሉበት ቦታ አንድ ሕግ አለ። የራስ ቁሩን አድርገህ ማሰሪያውን ሳትቆልፍ ብስክሌቱን መንካት ክልክል ነው። እኔ በችኮላ ብስክሌቱን ቀድሜ ያዝኩ፤ ፊሽካ ተነፋ። ዳኛዋ ብስክሌቱን መልሼ እንድሰቅል አደረገችኝ። የራስ ቁሩ ደግሞ አልቆለፍ አለ። ምክንያቱ እናቴ ያዘዘችው የአንገት ሹራብ ነው፤ ማሰሪያው ከሹራቡ ላይ አልዘልቅ አለ። ዳኛዋ ላቤን አየች፣ ሹራቡን አየች፣ ምንም ሳትል ወደ ሰማይ አየች።

ሌላው ሕግ የባሰ ነው። ከፊትህ ካለው ተወዳዳሪ ኋላ ተጠግተህ ከንፋስ መከለል አትችልም፤ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ አለብህ። በሰው ጀርባ መጠለልን የሚከለክል ሕግ! እኛ አገር ሳይጠለል የት የደረሰ አለ? ሥራ ለመቀጠር፣ ፋይል ለማንቀሳቀስ፣ ቤት ለመከራየት፣ ሬሳ ሣጥን በቅናሽ ለማግኘት ሳይቀር አንድ ሰፊ ጀርባ ያለው ሰው እንፈልጋለን። ልዩነቱ እኛ «ከጀርባው ሰው አለው» ማለታችን ነው፤ ብስክሌት ላይ ግን ሰውየው ከፊት ነው መሆን ያለበት። ዕድሜ ልኬን ተከልዬ ኖሬ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ዘመድ ከንፋስ ጋር ቆምኩ።

በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ ንፋሱ 40 ሲሆን፣ ፊቴ ላይ የሚያርፈው 55 ነው። አፍህን ብትከፍት ይሞላሃል፤ ብትዘጋ ደግሞ በምን ትተነፍሳለህ? ከጎን ባለው መንገድ አንዲት አሮጊት በኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ከኋላ ቅርጫታቸው ባሮ ሽንኩርት ወጥቶ እየተወዛወዘ፣ በፈገግታ ሰላም ብለውኝ አለፉ። ያዳነኝ ስመለስ ንፋሱ ከኋላ ሆኖ ይክሰኛል የሚለው ተስፋ ነበር። ሂሳቡ ግን እንዲህ ሆነ። 10 ኪሎ ሜትር በ15 ፍጥነት ስትሄድ 40 ደቂቃ ትሰቃያለህ፤ በመልስ በ40 ፍጥነት ስትበር 15 ደቂቃ ብቻ ትደሰታለህ። ንፋሱ የወሰደው አርባ፣ የመለሰው አሥራ አምስት። አንድ የጎረቤታችን ልጅ ብድር ሲመልስ እንዲህ ነበር።

ለመጨረሻው ሩጫ ከብስክሌቱ ስወርድ እግሬ ገና ፔዳል ይፈልግ ነበር። ፔዳል እንደሚመታ ሰው በእግሬ አየር ላይ ክብ እየሠራሁ ሮጥኩ፤ ሮጥኩ ካልን። ጋሼ አጠገብ ሳልፍ «አይዞህ፣ አባትህም እንዲህ ነበር» አሉ። አባቴን አያውቁትም።

ከ130 ሰው 112ኛ ወጣሁ። ባልደረባዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ከባሕር ጠለል በታች መሮጥ ስላልለመድክ ነው» ሲል አጽናናኝ። ትክክል ነው አልኩት፤ አገሬ ከፍ ያለ ነው።

ማታ እናቴ ደወለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«መቶ አሥራ ሁለተኛ።»

«ከስንት?»

«ከመቶ ሠላሳ።»

ዝም አለች። የሰርተፊኬት ቀን የነበረው ያው ዝምታ ነው።

«አንገትህን ሸፍነህ ነበር?»

«ሸፍኜ ነበር፣ እማዬ።»

«ከኋላህ የቀሩት አሥራ ስምንቱስ?»

«እነሱ ምንም አልሸፈኑም።»

«አየህ!» አለች፤ «ንፋስ መቷቸው ነዋ!»