ለክቡር የሠራተኛ ጉዳት መድን መዋጮ፣ ባሉበት

አድራሻ፦ ዋሽንግተን ስቴት፣ ፔይሮል (የደመወዝ ማስያ) ሶፍትዌር ውስጥ፣ «ሌሎች ተቀናሾች» ከሚለው በር ጀርባ

ጉዳዩ፦ ማንነትዎን እንዲገልጹልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ሕግዎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 የወጣ ስለሆነ ለዕድሜዎ የሚገባውን አክብሮት ከመቀመጫችን ተነሥተን እንሰጣለን። ደግሞስ ብንኮራረፍ ወዴት እንሄዳለን? በአብዛኞቹ ስቴቶች አሠሪ ይህን መድን ከግል ኩባንያዎች ዋጋ አወዳድሮ ይገዛል። በዋሽንግተን፣ በኦሃዮ፣ በኖርዝ ዳኮታና በዋዮሚንግ ግን የግል ኩባንያ አይሸጠውም። ሲያትል ላይ ክትፎ ቤት የከፈተ ሰው በርበሬውን ከወደደው ሱቅ ይገዛል፤ እርስዎን ግን ከስቴቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት፣ ከኤል ኤንድ አይ (L&I) ብቻ።

አገር ቤት ፔይሮል የሠራ ሰው በፐርሰንት ያደገ ነው። የግል ድርጅት ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ፤ ደመወዙን ማባዛት፣ ቡና መጠጣት። እርስዎ ግን ደመወዝ ቢያሳዩዎትም አያዩም። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለውም 60 የሚከፈለውም የሥራ መደባቸው አንድ ከሆነ በፊትዎ እኩል ናቸው። ቲፕም አያጓጓዎትም። የሚቆጥሩት የተሠራ ሰዓት ነው፤ ጂፕሰም ቦርድ በሚለጥፉት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ካሬ ጫማ ይለካሉ። የእንጀራ ስፋት እንዳይታሰብዎ ከወዲሁ እንለምናለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በዓመቱ መጨረሻ በሚልኩት የመጣኔ (የሰዓት ተመን) ደብዳቤ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንደኛው የአንድ ሰዓት ጠቅላላ ክፍያ፣ ሁለተኛው ከሠራተኛው ሊቀነስ የሚፈቀደው። ከክፍያው ውስጥ የአደጋው ፈንድ ሙሉ በሙሉ በአሠሪው ትከሻ ነው፤ የሕክምናውን፣ የተጨማሪ ጡረታውንና የወደ ሥራ መመለሻውን ፈንድ ግን አሠሪና ሠራተኛ እኩል ይካፈሉታል። አሠሪው «የሠራተኛዬንም ድርሻ እኔው ልቻለው» ቢል መብቱ ነው፤ ከተፈቀደው አንድ ሳንቲም አልፎ ቢቆርጥ ግን ሕግ ጥሷል።

ሶፍትዌሩ ጋ ስንደርስ ሁለት ነገር መፍጠር ይጠበቅብናል፦ አንድ የሠራተኛ ተቀናሽ፣ አንድ የድርጅት መዋጮ። እዚህ ላይ ነው ክቡርነትዎ የሚስቁብን። ለምሳሌ ያህል ጠቅላላው 0.6240፣ የሠራተኛው 0.1985 ይሁን። «የድርጅት መዋጮ» የሚለውን ሳጥን ያየ ሰው ሁሉ ትልቁን ቁጥር እዚያ ይጥላል። ስሕተት! እዚያ የሚገባው ልዩነቱ ነው፤ 0.4255። በሳምንት 46 ሰዓት በሠራች ምግብ አብሳይ ለክቡርነትዎ የሚገባው በጠቅላላ 28.70 ዶላር ሲሆን፣ 9.13ቱ ከእሷ፣ 19.57ቱ ከአሠሪዋ ነው። ጠቅላላው የድርጅቱ ሳጥን ውስጥ ከተጻፈ ግን ተከፋይ ሂሳቡ በየሳምንቱ 37.83 ይመዘግባል። በ13 ሳምንት ኳርተር (ሩብ ዓመት) ውስጥ በአንዲት ሴት ብቻ ወደ 119 ዶላር የማይከፈል ዕዳ ይከማቻል። ሪፖርቱ ተልኮ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ሂሳቡ ግን ዜሮ አይሆንም፤ እንደ ሟች ዕቁብተኛ ዕጣ ማን እንደሚወስደው ሳይታወቅ ይቀመጣል።

አንዳንዱ ሶፍትዌር ደግሞ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ይቀበላል። 0.1985 ብለው ሲጽፉለት ሳይናገር 0.20 ያደርገዋል። «0.0015 ምን አላት?» ያለ ሰው በዓመት በ2,392 ሰዓት ያባዛት፤ ሦስት ዶላር ከ59 ሳንቲም፣ ያውም ከሠራተኛዋ ኪስ፣ ያውም ያለ ፈቃድ። ስለዚህ አራት አሃዝ የማይቀበል ሳጥን ውስጥ መጣኔውን አለመጻፍ፣ የገንዘቡን መጠን ከውጭ አስልቶ ማስገባት ይሻላል።

ተቀናሹን «ከታክስ በፊት» ብሎ ምልክት ማድረግም የተለመደ ፈተና ነው፤ ከጤና መድን ጎን ስለተቀመጡ ዘመዱ ይመስላሉ። አይደሉም፤ ከታክስ በኋላ ነዎት።

ሰዓቱስ? ሶፍትዌሩ «በሰዓት አስላ» ሲባል የትኞቹ የክፍያ ዓይነቶች እንደሚቆጠሩ ይጠይቃል። ነገሩን ሳያነቡ ሁሉንም መምረጥ ቀላል ነው፤ ክቡርነትዎ ግን የሚፈልጉት ቤቱ ያረፈን ሰው ሳይሆን ሥራው ላይ የነበረን ነው። የሕመም ፈቃድ፣ የዓመት ዕረፍት፣ ሥራ ያልተሠራበት በዓል አይቆጠሩም። በዋሽንግተን በየ40 የሥራ ሰዓቱ ቢያንስ አንድ የሕመም ፈቃድ ሰዓት ስለሚጠራቀም የፈቃዱን ምልክት ከሳጥኑ ሳያነሡ መተው ላልተሠራበት ሰዓት መክፈል ነው። ኦቨርታይም ደግሞ በተቃራኒው ይረሳል። እሱም ይመረጥ፤ ክፍያው አንድ ተኩል ቢሆንም ሰዓቱ አንድ ነው። ለሥራ አጥ መድን የሚላከው ሪፖርት የተከፈለበትን ፈቃድ ስለሚቆጥር የሁለቱ ሪፖርቶች ሰዓት ባይገጥም አይደንግጡ። ቢገጥም ነው የሚያስደነግጠው።

ወርኀዊ ደመወዝተኛ የሰዓት መዝገብ ስለማይሞላ ለሶፍትዌሩ ዜሮ ሰዓት የሠራ ሰው ነው፤ መዋጮውም ዜሮ። እርስዎ ግን ወይ ትክክለኛ ሰዓቱን፣ ወይ በወር 160 ሰዓት ብለው ይቀበላሉ፤ ለአንዱ እንዲህ ለሌላው እንዲያ ማድረግ ግን የለም። በየሁለት ሳምንቱ 80 ሰዓት እየሞላ የሚሄድ ቤት በዓመት 2,080 ይደርሳል፤ በ160 ቢሄድ 1,920 ነበር። ያቺ 160 ሰዓት ልዩነት በሥራ አስኪያጁ ስም የተሰጠችዎ ስጦታ ናት፤ ይመረቁባት።

የሥራ መደብ ላይ ደግሞ ልብ የሚያደርቅ ነገር አለዎት። የምግብ ቤት መደብ ቁጥሩ 3905 ነው፣ የቢሮ ጸሐፊ 4904፤ ሁለተኛው ርካሽ ነው። ስለዚህ ሁሉም ቤት አንድ የአጎት ልጅ አለው፤ ጠዋት ደረሰኝ ይመዘግባል፣ በምሳ ሰዓት ትሪ ይሸከማል። ሰዓቱን ከፍሎ ጠዋቱን 4904፣ ምሳውን 3905 ማድረግ ግን አይቻልም። ትሪ የነካ እጅ ሰዓቱ በሙሉ ወደ 3905 ይሄዳል። ሒሳብ ሠራተኛው ትሪ እንዳይነካ ማዘዝ ይቻላል፤ የእሑድ ቀን ምሳ ሰዓት ያየ ሰው ግን ትእዛዙ ምን ያህል እንደሚቆይ ይገምታል።

የአደጋ ልምድ ቁጥሩንም፣ ማለት የድርጅቱ ያለፉ አደጋዎች ታይተው የሚሰጠውን ማባዣ፣ እናንሳ። አዲስ ድርጅት በ1.0000 ይጀምራል፣ አደጋ ሲበዛ ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። ደብዳቤው ላይ ያለው መጣኔ ይህንኑ ቁጥር አካቶ የመጣ ነው፤ እንደገና በሱ ማባዛት ጨው ያለበትን ወጥ ጨው መጨመር ነው። መጣኔው የያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ስለሆነም ሶፍትዌሩ ራሱ አያድሰውም። ጃንዋሪ 1 ማንም ሳይነካው ካለፈ ባለፈው ዓመት ዋጋ ሲቆርጥ ይሰነብታል፤ የሚታወቀውም ኤፕሪል 30 ሪፖርቱ ሲቀርብ ነው። ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31 እና ጃንዋሪ 31ም ይጠብቁናል። ሠራተኛ ያልነበረበት ኳርተር እንኳ «ማንም አልሠራም» ተብሎ ሪፖርት ይደረግልዎታል።

ከማይለይ አክብሮት ጋር፣
የፔይሮል ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለ0.0015፣ ባለችበት
ለኦቨርታይም፣ አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት መሆኑን እንዲያውቀው
ለአጎት ልጅ፣ ትሪውን አስቀምጦ እንዲያነበው