ወጨጫ ሆይ ደስ ይበልህ፣ ልንመጣ ነው

ሰባት ሳምንት ፈጀ እንጂ ተሳክቷል። የሰፈራችን የተራራ ወዳጆች ግሩፕ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ወጥቶ፣ ጎኑ ላይ ባለው ሱባ ደን ውስጥ ድንኳን ተክሎ ለማደር የጀመረው ምክክር ባለፈው ማክሰኞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በሙሉ ድምፅ ተቋጨ፦ ቲሸርቱ አረንጓዴ ይሆናል። በሙሉ ድምፅ ያልኩት ቢጫ ይሁን ያሉት አራቱ ቀደም ብለው ግሩፑን ለቀው ስለወጡ ነው። ሁለቱ በሽማግሌ ተመልሰዋል፤ የሁለቱ ጉዳይ ገና በድርድር ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ዝግጅት ሳይ ልቤ ይሞላል። ምን ያልተነሳ ነገር አለ? በጉ እዚያው ይታረድ ወይስ ታርዶ ይሂድ፣ ቲሸርቱ ጀርባ ላይ ምን ይጻፍ፣ ስፒከሩን ማን ይሸከም፣ ዓርብ ማታ ከገባን ጾመኞች ምን ይበላሉ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተብላልቷል። አንዲት ነርስ አባላችን ብቻ ከመንገድ ወጣ ያለ ነገር ጻፈች። «ውሃ ከየት እንቀዳለን? ለአርባ ሰው፣ በቀን ሦስት ሊትር ብንል እንኳ፣ ለሁለት ቀን 240 ሊትር ይሆናል። አሥራ ሁለት ጀሪካን ነው» አለች። ሁለት ሰው የሳቅ ስቲከር ላከላት። አንዱ አውራ ጣት አነሳላት። ወዲያው ሌላው «እንኳን ለወርኃዊው የቅዱስ ሚካኤል በዓል አደረሳችሁ» የሚል ሥዕል ለቀቀ፤ ስልሳ ሰው «አሜን» ሲል ጀሪካኖቹ ወደ ላይ ተገፍተው ጠፉ። እስካሁን አልተገኙም።

ለማያውቀው፣ ወጨጫ ከሰበታ በላይ ጉብ ያለው፣ እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው። ከፍታው 3,385 ሜትር ይባላል። ገንዘብ ያዣችን ይህን ሲሰማ አልደነገጠም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለተቀመጠች «ከሦስት እጅ ሁለቱን አልጋችን ላይ ተኝተን ጨርሰነዋል» ሲል አረጋጋን። እንዲህ ያለ ሒሳብ ገንዘባችንን ለያዘ ሰው ትንሽ ያሰጋል፣ ግን ይሁን። ነርሷ አሁንም አላረፈችም፤ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ ሌሊቱም ውርጭ እንደሚሆን ጻፈች። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፣ ተጠጋግተን እናድራለን» ተባለች። ጋብቻ ያልፈጸሙት ይህን ሐሳብ በጣም ወደዱት።

ያምናውን ጉዞ ያየ ሰው በዘንድሮው ዝግጅት አይጠራጠርም። አምና «አለሁበት» ያለው ስልሳ ሁለት ሰው ነበር። የከፈለው ዘጠኝ ነው። በዕለቱ የመጣው ሠላሳ አንድ ሲሆን፣ ከመካከላቸው አሥራ አራቱ ግሩፑ ውስጥ ኖረው አያውቁም። የመነሻው ሰዓት «ልክ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አንድ ደቂቃ አንጠብቅም» ይል ነበር። አድሚኑ ራሱ 2 ሰዓት ላይ ተደውሎለት «ደርሻለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ» አለ፤ ከኋላው የሻወር ድምፅ ይሰማል። በዝናብ ወቅት የሚሠራ ታክሲ ይሆናል ብለን አለፍነው። ኮስተሩ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተንቀሳቀሰ። ዓለም ገና ስንደርስ ቆመ፤ በባዶ ሆድ ተራራ አይወጣማ። ጥብሱ እስኪደርስ፣ ከጥብሱ በኋላ ቡናው እስኪፈላ፣ ከቡናው በኋላ የጠፋው ልጅ እስኪገኝ፣ የደኑ በር ላይ ስንደርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ሊል ምንም አልቀረውም። ይዘነው የወጣነው ግማሽ ግማሽ ሊትር ውሃ ሰበታ ላይ አልቋል።

በሩ ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ጥበቃ አሉ። አረንጓዴ ሳይሆን ነጭ በነጭ የለበሰውን ሠራዊታችንን አዩ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብላ ታኮ ጫማ ተጫምታ የመጣች እህታችን ላይ ዓይናቸው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ።

«ወዴት ናችሁ?»

«ወደ ጫፍ አባባ!»

«ነገ ነው?»

ዛሬ ነው አልናቸው። ምንም አልመለሱም፤ ቲኬቱን ቆርጠው ሰጡንና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ስለ ሱባ ደን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፦ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ያን ሁሉ ጽድ እንዴት አድርገው ለፍሬ አበቁት እያልኩ ስገረም ኖሬ አምና ገባኝ። ኮሚቴ አላቋቋሙም። ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው አንድ ሽማግሌ ጽድ ላይ ልጆቻችን ስማቸውን በጩቤ ጻፉለት። ያን ያህል ዘመን ያለ ስም መቆሙ ያሳዝን ነበር። ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ለቅሶ ደራሽ ተደርድረው ያዩናል። ዲጄያችን «ይህ ዝምታ ደስ አይልም» ብሎ ስፒከሩን ከፈተ። ለቅሶ ደራሾቹ አንድ ላይ ተነሥተው ሄዱ።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደወጣን ጥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘን። ጫፉ ገና ሩቅ ነው የሚል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ድምፁ የማን እንደሆነ ትገምታላችሁ። እጅ አውጥተን ድምፅ ሰጠን፤ ድንጋዩ ጫፍ መሆኑ በአብላጫ ጸደቀ። የተነሳነው ፎቶ «3,385 ሜትር! ወጨጫን ድል አደረግን!» ከሚል ጽሑፍ ጋር እስከዛሬ የግሩፑ መለያ ነው። በጥንቃቄ ካያችሁት ከኋላችን ኮስተሩ ይታያል።

ካምፑን ግን ማመስገን ካልቻልኩ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ረከቦት መጥቷል፣ ሲኒ መጥቷል፣ ዕጣን መጥቷል። ቄጠማ ደግሞ ከሾላ ገበያ ተገዝቶ፣ በኮስተር ተጭኖ፣ ደን ውስጥ ሣር ላይ ተጎዘጎዘ። ቡናው ታጥቦ ሊቆላ ሲል ውሃ እንደሌለ ታወሰን፤ አንዱ በለስላሳ እንጠበው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሠላሳ አንዳችንም ቆሎ ይዘናል፣ ክብሪት የያዘ ግን አልነበረም፤ ስንሰድበው የዋልነው ሲጋራ አጫሽ ላይተሩን አውጥቶ አዳነን። ድንኳኖቹ የተፈቱት ከመሸ በኋላ፣ በስልክ መብራት ነው። ሸራው ሙሉ ነው። ዘንጎቹ ቤት፣ ከበር ኋላ ቀርተዋል። እንደ አንሶላ ለብሰን እንተኛ እየተባለ ሳለ ከጨለማው ውስጥ ጅቡ አንዴ «ኡዉዉ» አለ። አንዴ ብቻ። እናንት የሰማችሁ መስክሩ፣ ቀኑን ሙሉ እግራችን ታመመ ስንል የዋልን ሰዎች ኮስተሩ ውስጥ ለመግባት አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም። ታኮ ጫማዋ እህታችን አንደኛ ወጣች። ያን ሌሊት በሃያ አምስት ወንበር ላይ ሠላሳ አንድ ሰውና አንድ ረከቦት አደርን፤ ሾፌሩ አንኮራፋ፣ ጠዋት ደግሞ የአዳር ተጨማሪ ጠየቀ።

ጠዋት ስንነሳ ጥበቃው ማዳበሪያ ይዘው በሣሩ ላይ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ባዶ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የለስላሳ ጠርሙስ፣ የደረቀ ቄጠማ። «ተውት አባባ፣ እኛ እናነሳዋለን» አልናቸው። ከልባችን ነበር። ግን ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ከመስኮት ሆነን የተነሳነው የመጨረሻ ፎቶ ላይ «ተፈጥሮን እንንከባከብ» ብለን ጻፍንበት፤ ከግሩፑ ፎቶዎች ሁሉ ብዙ ልብ የተሰጠው እሱ ነው። ጥግ ላይ፣ ማዳበሪያ ተሸክመው፣ ግማሽ ፊታቸው ይታያል።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ነርሷ ለሦስተኛ ጊዜ ጽፋለች። «ውሃ፣ የግንባር ባትሪ፣ መንገድ የሚያውቅ መሪ። ማን ይይዛል?» ትላለች። ከሥሯ አድሚኑ አዲስ ምርጫ ከፍቷል፦ ከቲሸርቱ ጋር ኮፍያ ይኑር ወይስ አይኑር?

ፉክክሩ አንገት ለአንገት ነው። እኔ ይኑር ብያለሁ።