አስጎብኚው ውኃ ውስጥ ይግባ

በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ባሕር ሊጎበኝ የገባ ጀማሪ ዋናተኛ ኮራል የሚሰብረው በክፋት አይደለም። መነጽሩ ውኃ ያስገባበታል፤ ጨው ዓይኑን ያቃጥለዋል፤ በመተንፈሻ ቱቦው የገባውን ውኃ ሳያስወጣ ሊተነፍስ ሲሞክር ትን ይለዋል። ያኔ ማንም የሚያደርገውን ያደርጋል፦ እግሩን ወደ ታች ሰዶ መቆሚያ ይፈልጋል። ጥልቀት በሌለው ባሕር እግሩ የሚያገኘው ጠንካራ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮራል ነው። መነጽሩን ለማስተካከል አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። በጎማ መቅዘፊያው የረገጠው ነገር ግን ድንጋይ ቢመስልም ላዩን የሸፈነው ስስ ሥጋ ሕያው እንስሳ ነው። ከኮራል ዝርያዎች መካከል በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማያድጉ አሉ።

የተለመደው መፍትሔ ጀልባ ላይ የሚሰጥ ማሳሰቢያ ነው። «እባካችሁ ኮራሉን አትንኩ» ይባላል፤ ግማሹ መነጽሩን እያጠበቀ፣ ግማሹ ስልኩን ውኃ በማያስገባ ከረጢት እየከተተ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በዚህ ማሳሰቢያ አላምንም፤ ምክንያትም አለኝ። በካሪቢያኗ ደሴት ሴንት ሉሲያ ከ350 በላይ ጠላቂዎችን ውኃ ውስጥ የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሪፉን፣ ማለትም ኮራሎች የሠሩትን ቋጥኝ መሰል ክምር፣ ሲነኩ ታይተዋል። ከመጥለቅ በፊት በሚሰጠው ገለጻ ላይ ስለ ኮራል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመሩ ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው የጠላቂዎቹ መሪ እዚያው ውኃ ውስጥ ጣልቃ ገብቶ ሲያርም ነው። በግብጽ ራስ መሐመድ ብሔራዊ ፓርክ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ሌላ ጥናት ገለጻም ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል፤ ያ ገለጻ ግን በሥዕል የተደገፈና ውኃ ውስጥ ማሳያ የተከተለው ነበር። ሁለቱም ጥናቶች በአየር ታንክ የሚጠልቁ፣ ማለትም ሥልጠና የወሰዱ ሰዎችን የተመለከቱ ናቸው። ስኖርክል፣ ማለትም መተንፈሻ ቱቦ ብቻ ይዞ የሚገባው ጎብኚ ብዙ ጊዜ ያን ያህል ሥልጠና እንኳ የለውም።

ስለዚህ በጀልባ ጎን ላይ «ኢኮ ቱሪዝም» (ተፈጥሮን የማይጎዳ ጉብኝት) የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አስጎብኚው የት ነው? ጀልባው ላይ ቆሞ በፉጨት የሚጠራ ከሆነ ጽሑፉ ቀለም ብቻ ነው። ሥራውን የሚያውቅ አስጎብኚ አብሮ ይዋኛል፤ በገመድ የታሰረ ተንሳፋፊ ቀለበትም ከኋላው ይጎትታል። የደከመው ወይም መነጽሩ ውኃ ያስገባበት ሰው ቀለበቱን ይዞ ያርፋል እንጂ ሪፉ ላይ አይቆምም። ከዚህ የበለጠ ርካሽ የኮራል ጥበቃ አላውቅም። ግን አንድ ሰው ሃያ ዋናተኛ ይዞ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ደግሞ የጉርሻ ነገር አለ። ኑሮው በጉርሻ የተንጠለጠለ አስጎብኚ እንግዳውን ለመቆጣት አፉ ይያዛል። ይባስ ብሎም የባሕር ኮከብ ከውኃ አውጥቶ ለፎቶ ያቀብላል፤ ኦክቶፐሱን ከጉድጓዱ ያስወጣል፤ የባሕር ኤሊ እያሳደደ «እዚህ፣ እዚህ!» ይላል። እሱን መውቀስ ይቀላል። እኔ የምወቅሰው ደህና ደመወዝ ከፍሎ «ደንብ የጣሰውን ከውኃ አስወጣ፣ እኔ አለሁልህ» የማይለውን የጀልባ ባለቤት ነው።

የሰው ቁጥር መገደብ የሚያስቆጣቸው ነጋዴዎች ብዙ ናቸው። በታይላንድ ማያ ቤይ የምትባለው ትንሽ የባሕር ወሽመጥ በቀን እስከ 5,000 ሰው ታስተናግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ተዘግታ በጥር 2022 ስትከፈት ጀልባዎች ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ጎብኚም በተወሰነ ቁጥር በየተራ የሚገባ ሆነ። በተዘጋችበት ዘመን ኮራል ተተክሎባታል፤ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነ ሻርኮችም ተመልሰውባታል። በሃዋይ ሃናውማ ቤይም የሚገባ ሰው ቁጥር የተገደበ ነው፤ ጎብኚው ውኃ ከመንካቱ በፊት ትምህርታዊ ቪዲዮ ያያል፤ በየሳምንቱም ባሕሩ የሚያርፍባቸው ቀናት አሉ። ገበያው ግን አልጠፋም።

 

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «ሪፉን የሚገድለው የባሕር ሙቀት ሆኖ ሳለ በአንድ ዋናተኛ እግር መጨቃጨቅ ምን ይጠቅማል?» እውነት አለው። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ በውስጡ የሚኖሩትንና የሚመግቡትን ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ያስወጣና ይነጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መድረሱ ታውጇል። ወደ ሪፉ የሚያደርሰን አውሮፕላንም በዚህ ሙቀት ድርሻ አለው፤ ይህን መካድ አልችልም። ነገር ግን የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ውኃው በጊዜ ከቀዘቀዘ ሊያገግም ይችላል። የታመመን ሰው ሐኪም እስኪደርስ እንረጋግጠው የሚል የለም።

ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይዞ ይገባል? ጀልባው ሪፉ ላይ መልህቅ ይጥላል ወይስ ለዚሁ ከተተከለ ተንሳፋፊ ጋር ይታሰራል? አንድ እንግዳ ኮራል ላይ ቢቆም ምን ታደርጋላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ሳቅ ከሆነ ስልኩን ዝጉና ሌላ ጀልባ ፈልጉ።