ደመወዝ ሲዘገይ ዓይን ይታረማል?

ሰሞኑን እዚሁ ጎጃም በአንድ የመምህራን ስልጠና ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ በየስልካችን ሲዞር ከርሟል። አሠልጣኙ ድምፃቸው ያምራል፣ አለባበሳቸውም ያምራል። ያሉት ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ደስታ ከኪስ ሳይሆን ከአመለካከት ይገኛል፤ ደመወዝ ቢዘገይ የሚዘገየው ብር እንጂ ደስታ አይደለም፤ «እኔ» የምንለው ነገር በገዛ እጃችን ያጠርነው አጥር ነው፤ አጥሩን ያፈረሰ ከፍጥረት ሁሉ ጋር አንድ ይሆናል፣ አንድ የሆነ ደግሞ አይከፋውም። አዳራሹ አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ደመወዛቸውን ሲጠብቁ የሰነበቱ፣ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ የከረመባቸው መምህራን ናቸው። (አቴንዳንስ የሚፈረመው መውጫው ላይ መሆኑን አንርሳ።)

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ማስረጃ ብለው ያመጡት ነገር ነው። ሎተሪ የደረሳቸው ሰዎችና በአደጋ ሽባ የሆኑ ሰዎች ደስታቸው እኩል ሆኖ መገኘቱ አሜሪካ ውስጥ ተጠንቷል አሉ። አዎ፣ ተጠንቷል። ብሪክማን የተባለ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሠርቶ በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ሎተሪ የደረሳቸው 22፣ በአደጋ ሽባ የሆኑ 29፣ ይህም ያም ያልገጠማቸው 22 ሰዎች ተጠየቁ። ከ0 እስከ 5 በሚሄደው መለኪያ ባለ ሎተሪዎቹ በአማካይ 4፣ ምንም ያልገጠማቸው 3.82፣ አደጋ የደረሰባቸው 2.96 ሰጡ። እኩል የተባለው ይህ ነው! ሎተሪው የታሰበውን ያህል ሰውን ከፍ አላደረገም፣ ልክ ነው። የተሰበረው አካል ግን ዝቅ አድርጓል። አሠልጣኙ የጥናቱን ግማሽ ከሰሙ በኋላ ቀሪውን ከራሳቸው ሞልተው መጥተዋል ማለት ነው።

እሱንም ባለፍነው ነበር። ግን ወደ ቤታችን ገቡ። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ደስተኛ የነበረው ሰሙን ትቶ ወርቁን ማየት ስለተማረ ነው አሉን። ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ባሉባቸው በዋሸራና በጎንጅ አገር ቆሞ እንዲህ ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ወይም የቅኔ ቤት ደጅ ረግጦ አለማወቅ።

ተማሪው እኮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስልጠና ዓይኑ አልበራም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ካላት የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ አድርጎ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው ዕድሜውን ከፍሎ ነው። ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርሙታል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። ሰሙን የሚተው ተማሪም አይቼ አላውቅም። ሰሙ የተበላሸ ቅኔ ወርቁም አብሮ እንደሚበላሽ ገና ጀማሪ እያለ ይነገረዋል። መምህራኑን ሰሙን ተዉት፣ ወርቁን እዩ ማለት እንጀራውን ተዉት ማለት ነው፤ እንዲያ ያለ ቅኔ ደግሞ ማንም መምህር አይቀበልም።

እሺ፣ ደስተኛ ነበር እንበል። ማን አበላው? ይህን ጥያቄ አሠልጣኙ አልነኩትም። ተማሪው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ቀፈፋ ሲወጣ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ከደጅ ውሻ ቢያባርረው እንኳ ከውስጥ ቁራሽ ይዛ የምትወጣ እናት ነበረች። የራሷ ልጅ ምናልባት ሌላ ደብር ሄዶ የሌላ እናት እንጀራ ይበላል። የማታውቀውን ልጅ የምትመግበው የእሷን ልጅ የማታውቀው ሴት ትመግብልኛለች ብላ ነው። ከወሎ የመጣው፣ ከጎንደር የመጣው፣ ከሸዋ የመጣው ሁሉ እዚህ እንዲህ ኖሯል። እንግዲህ ያ የሚደነቀው የተማሪ ዕይታ ከተማሪው ጭንቅላት ብቻ የበቀለ ሳይሆን አገር ተባብሮ የቀለበው ነው። አገሬው የሚሰጠው ሲያጣ ተማሪው ይበተናል፣ ጉባኤውም ይፈታል። ያን ጊዜ ረሃቡን በመልካም ዓይን እዩት ብሎ ጉባኤ ያቆየ መምህር ቢኖር ስሙ ይነገረን።

ስለ አንድነትማ ጎጃምን ማስተማር! ከዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን እስከ ቦሩ ሜዳው ጉባኤ፣ እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ፣ በክርስቶስ ባሕርይ ጉዳይ ቅባትና ተዋሕዶ እየተባባለ የተከራከረ አገር ነው። ተከራካሪው የቱንም ያህል ይምረር፣ አንድ መሆን ቀላል ነገር ነው ያለ አልነበረም። ተዋሕዶም ቢሆን የሚያስተምረው ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት አንድ መሆንን ነው። ራስን እንደ ጨው አሟሙቶ መጥፋትን አንድነት ያሉን አሠልጣኙ ናቸው። በሰንበቴ ባለ ተራው በስሙ ይጠራል፤ በደቦ የመጣው የራሱን ማጭድ ይዞ ይመጣል፤ ነገ እሱ ሲያጭድ ደግሞ ዛሬ የረዳው ሰው ካልመጣ «ለምን ቀረህ?» ይባላል። ይህ ሁሉ «እኔ» ባይ ሰው ይፈልጋል። «እኔ ሠርቻለሁ፣ አልተከፈለኝም» ማለትን እንደ መንፈሳዊ ድክመት የሚቆጥር አንድነት ለማን እንደሚመች ለማወቅ ቅኔ መዝረፍ አያስፈልግም።

በየዓመቱ የሚወጣውን የዓለም የደስታ ሪፖርትም ጠቅሰዋል፤ ፊንላንዶች አንደኛ የሆኑት በአስተሳሰባቸው ነው በሚል። ሪፖርቱ የአገሮችን ልዩነት የሚያብራራባቸው ስድስት ነገሮች ገቢ፣ በችግር ጊዜ የሚደርስ ሰው፣ በጤና የሚኖር ዕድሜ፣ የመምረጥ ነፃነት፣ ልግስናና ሙስና ናቸው። የአመለካከት ስልጠና ከስድስቱ አንዱ አይደለም።

ዕይታ ዋጋ የለውም ያለ የለም። ለቅሶ ላይ፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ደዌ ላይ፣ የሰው እጅ በማይደርስበት ቦታ ሰው የሚቀረው ዕይታው ነው፤ እሱንም እናቶቻችን ያለ ፕሮጀክተር ያውቁበታል። ደመወዝ ግን ደዌ አይደለም። የሚያዘጋጀው ሰው አለ፣ የሚፈርምበት ሰው አለ፣ ሳይፈርም ወደ ቤቱ የሚሄድም ሰው አለ። የአመለካከት ችግር ካለ ፍለጋው ከዚያ ጠረጴዛ ይጀመር። ዱሮም እንዲሁ ነበር፤ በየግምገማው «የአመለካከት ችግር አለበት» የሚባለው ሁሌም የጠየቀው እንጂ የተጠየቀው አልነበረም።

ሁለተኛው ዙር ስልጠና በቅርቡ ይቀጥላል ተብሏል። አዘጋጆቹ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልን፦ የአሠልጣኙ አበል በዕለቱ ተከፍሏል ወይስ እሱም በአመለካከት ታልፏል?