ሳይክል ይዞ መግባት ክልክል ነው

ይሄን የምጽፈው ፒያሳ አክስቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነው፣ እግሬ ገና ዝሏል፣ ንዴቴም አልበረደልኝም። ቪየና መኖር ከጀመርኩ አስራ አንድ አመት ሆነኝ፣ ለእረፍት አዲስ አበባ ከገባሁ ደሞ ሶስተኛ ሳምንቴ ነው። ያናደደኝ ነገር ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ግን ባሰብኩት ቁጥር እየከበደብኝ ስለመጣ እስቲ ልተንፍሰው ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከእህቴ ልጅ በተዋስኩት ሳይክል ከጊዮርጊስ ተነስቼ በአዲሱ የሳይክል መንገድ ወደ አራት ኪሎ ሄድኩ። መንገዱን ሳየው ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። እኛ ልጆች እያለን በዚህ በኩል በሳይክል ማለፍ ማለት በታክሲና በአንበሳ አውቶብስ መሀል ነፍስን አስይዞ መጫወት ነበር፣ አሁን ለብቻው ተለይቶ ተሰርቷል። እርግጥ ሰዉ በእግሩ ይሄድበታል፣ ቆሞም ያወራበታል፣ እሱ ይለመዳል፣ ቅር አላለኝም። አራት ኪሎ ከአንድ የድሮ ጓደኛዬ ጋር ቡና ልንጠጣ ተቀጣጥረን ነበርና ካፌው በር ላይ ወርጄ ሳይክሉን እየገፋሁ ልገባ ስል ጥበቃው እጁን ዘረጋ።

"ወንድሜ፣ ሳይክል ይዞ መግባት ክልክል ነው።"

እሺ የት ላቁመው ስለው "እሱን እኔ አላውቅም" አለኝ። ግቢው ውስጥ ሰባት መኪና ቆሟል፣ ቆጥሬዋለሁ። እኔ እዛው ቆሜ እየለመንኩት አንዲት ቪትዝ መጣች፣ ያው ሰውዬ ሮጦ በሩን ከፈተና "ና፣ ና፣ ዙር፣ ቁረጥ፣ በቃ!" እያለ በክብር አስገባት። ለአንድ መኪና የተለቀቀው ቦታ አስር ሳይክል ያስቆማል እኮ! ጓደኛዬ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሄድን፣ እዛም ሳይክሉን ግንድ ላይ አስሬ ቡናዬን አንገቴን ወደ ውጭ አዙሬ ነው የጠጣሁት።

በጥበቃው አልፈርድም፣ የታዘዘውን ነው የሚሰራው። ግን ማታ ቤት ስገባ አክስቴም ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ደገመችው። "አንተ ልጅ፣ ከአውሮፓ መጥተህ በሳይክል ስትዞር ጎረቤቱ ምን ይለኛል? ቸግሮት ነው እኮ የሚሉት። የታክሲ ካጠረህ ንገረኝ፣ ምን ያሳፍርሃል።" ወዳኝ ነው ያለችው፣ ብር ለማውጣትም ቦርሳዋን ከፍታ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ሳይክል እኛ ዘንድ የጎደለበት ሰው ምልክት ሆኖ ቀርቷል፣ በሱ ምክንያት ደሞ አገራችንን ሳናያት እየቀረን ነው። ሁለቱ ምን አገናኛቸው የሚል ካለ ልንገረው።

አምና ሐምሌ ላይ ከአንድ የስራ ባልደረባዬ ጋር ከፓሳው እስከ ቪየና በዳኑብ ወንዝ ዳር በሳይክል ሄድን፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እኛ በሰባት ቀን ጨረስነው። ፓሳው ሶስት ወንዝ የሚገናኝባት የጀርመን ከተማ ናት፣ ከዛ ትንሽ እንደሄድክ ኦስትሪያ ትገባለህ። መንገዱ አብዛኛው ሜዳ ነው፣ ምክንያቱም ድሮ ሞተር ሳይመጣ በፊት ጀልባዎችን ወደ ላይ በገመድ የሚጎትቱ ፈረሶች የሚሄዱበት የወንዝ ዳር መንገድ ነበር። ፈረሱ ስራ ሲያጣ መንገዱን አልጣሉትም፣ ለሳይክል አደረጉት። ይሄን ስሰማ የኛ የበቅሎና የነጋዴ መንገዶች ናቸው ፊቴ ላይ የመጡት፣ ስንቱ ጠፍቶ ቀረ።

እዛ መንገድ ላይ ያልለቀቀኝ አረንጓዴዋ ትንሽ ሰሌዳ ናት። መንገዱ በተከፈለ ቁጥር አለች፣ የሚቀጥለው መንደር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ወዴት እንደምትታጠፍ ትነግርሃለች። ማውትሃውዘን የሚባለው መንደር ላይ ናዚዎች ከቅርንጫፍ ካምፖቹ ጋር ቢያንስ 90,000 ሰው የጨረሱበት ካምፕ አለ፣ ወደሱም ትመራሃለች። የሚያሳፍራቸውን ታሪክ እንኳን "በዚህ በኩል ነው፣ ሂድና እየው" ብለው ጽፈውለታል። ሳይክላችንን እየገፋን ዳገቱን ወጣን፣ ስንመለስ እስከ ማታ ሁለታችንም አላወራንም።

ሜልክ ደረስን። ከወንዙ በላይ ገደሉ ላይ ትልቅ ቢጫ ገዳም አለ፣ መነኮሳቱ የገቡበት እ.ኤ.አ. በ1089 ነው፣ አሁን የሚታየው ህንጻ ግን የ1700ዎቹ ነው። ከስሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ዳቦ ስንበላ ከጎናችን ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባልና ሚስት፣ ሳይክላቸውን አቁመው አረፉ። ሰባ አመት አልፏቸዋል። ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላቸው ሴትዮዋ ደስ አላትና ጠየቀችኝ፣ ከቤትህ ተነስተህ በሳይክል የምትደርስበት ታሪካዊ ቦታ የቱ ነው አለችኝ። ላሊበላ፣ አክሱም፣ ጎንደር ብዬ ዘረዘርኩ። እሷ "በአውሮፕላን ነዋ የሚኬደው" አለችና "ከቤትህ፣ በሳይክል?" ብላ ደገመችው። መልስ አልነበረኝም። አራዳ ተወልጄ አራዳ ያደግኩ ሰው ከቤቴ በሳይክል የሚደረስ ቦታ መኖሩን አስቤው አላውቅም ነበር።

አለ እኮ! ቪየና ገብቼ ካርታ ዘርግቼ ሳይ ደነገጥኩ። በአለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ይዘህ ስትወጣ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አዋሽ ዳር የጥንት ሰው የድንጋይ መሳሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ አለ፣ ከሱ ወደ ምእራብ ስትገባ ከአንድ አለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች፣ ትንሽ ቀጥለህ ደሞ ሰይፍ የተቀረጸባቸው የጥያ ድንጋዮች፣ 36 ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በአለም ቅርስነት የተመዘገቡ። ሶስቱም ባንድ መስመር ላይ! እነዛ ሰዎች የአንድ ንጉስ እስር ቤት የነበረ የፈረሰ ግንብ ስር ሻይ ቤት ከፍተው፣ ሆቴል ሰርተው፣ ሳይክል ማቆሚያ ተክለው ይኖሩበታል፣ ዱርንሽታይን ይባላል፣ የእንግሊዙ ንጉስ ሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1192 መጨረሻ ተይዞ የታሰረበት ነው። እኛ የሰው ልጅ ድንጋይ ጠርቦ ስጋ የቆረጠበት ቦታ አጠገብ በመኪና ሽው ብለን እናልፋለን።

እና ቅዳሜ ሄድን፣ እኔና የእህቴ ልጅ። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ደብረ ሊባኖስ ነበር ሀሳቤ፣ ቤተሰቡ በሙሉ "ጊዜው አይደለም" ብሎ ተነሳብኝ፣ እሺ አልኩ። ሰላም ሳይኖር የሳይክል ወሬ የትም እንደማይደርስ አውቃለሁ፣ በቡታጅራ መንገድ በዛው ሳምንት የተመላለሱ ሰዎችን ጠይቀን ነው የወጣነው። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና። ከመሀል ከተማ ስንርቅ የሳይክሉ መስመር ጠፋ፣ ከዛ በኋላ እኛና ሲኖትራክ ነን። ከኋላ ጡሩንባውን ሲለቀው ሰውነትህ በሙሉ ነው የሚንቀጠቀጠው። የመንገዱ ዳር ተሸርሽሮ ወደ ጠጠር ይወርዳል፣ ጠጠሩ ላይ ስትወጣ ሳይክሉ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱ ላይ ስትመለስ ጭነት መኪናው ይገፋሃል። የሰባ አመት ሴትዮ እዚህ ምን ትሆናለች እያልኩ ነው የነዳሁት።

አለም ገና ላይ የልጁ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታው ሽማግሌ ናቸው፣ ካላማዳሪያውን አውጥተው አሮጌ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከሩ አረፋ የሚወጣበትን ፈለጉ፣ አገኙት፣ በሞረድ ፋቁት፣ ማስቲሽ ቀብተው እፍ እፍ እያሉ አደረቁት፣ ልጣፉን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዙና ቀና ብለው የት እንደምንሄድ ጠየቁን። መልካ ቁንጡሬ ስላቸው "በሳይክል? ለማየት ብቻ?" አሉ። ለማየት ብቻ አልናቸው። ሂሳብ አልቀበልም ብለው አስቸገሩን፣ በግድ ነው የሰጠናቸው። እኔ በዛ ሰባት ቀን የዳኑብ ጉዞ ውስጥ ሰላምታ እንጂ እንዲህ ያለ ሰው አላገኘሁም፣ አንዳንዱ እንግዳ ማረፊያ እንደውም ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ትቶልህ ባለቤቱን ሳታየው ነው የምትሄደው።

ከአለም ገና የቡታጅራውን መንገድ ስንይዝ መኪናው ሳሳ አለ፣ ቁልቁለቱም ይበዛል። ጤፉ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ገና ቆሟል፣ አውድማ የሚለቀልቁ ሰዎች ቀና ብለው እጃቸውን ያነሳሉ። ህጻናት ከሩቅ አይተውን በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮሁ አብረውን ሮጡ፣ ቻይና ነው፣ አይደለም ፈረንጅ ነው ብለው ተከራከሩ፣ የእህቴ ልጅ "ሐበሻ ነን!" ሲላቸው ቆም አሉና ደሞ ባሰባቸው። በመኪና ይሄ ሁሉ የለም፣ መስታወት ዘግተህ ስልክህን እያየህ ነው የምትደርሰው።

መልካ ቁንጡሬ በር ላይ የተቀበለን ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው "መኪናችሁ የታለ?" ነው። የለንም ስንለው ከኋላችን መንገዱን አየ፣ ከኋላ የሚመጣ መስሎት። ከዛ ግን ሳይክሎቹን ራሱ ተቀብሎ ጥላ ስር አስደግፎልን ወደ ሙዚየሙ ጎጆዎች አስገባን። የባልጩት ድንጋዩን ሲያሳየን ቆዳዬን ወረረኝ፣ ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያበራ፣ ጠርዙ ስለታም። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው አንድ የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ ነው፣ በ2024 ደሞ አጠገቡ ካለው ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር በአለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዛ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ያየሁት ጎብኚ ግን እኔና የእህቴ ልጅ ብቻ ነን።

ድልድዩ አካባቢ ቡና የምታፈላ እናት ዘንድ ተቀመጥን። ርቦን ነበር፣ ያለችውን ዳቦ ሁሉ በላን፣ ሶስቱንም ጀበና ጠጣን፣ ውሃ ገዛን፣ ሻይ ደገምን። ያኔ ነው የዳኑቡ ነገር በደንብ የገባኝ። ሳይክል የሚነዳ ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ በቀን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሄዶ ይደክመዋል፣ ማደር አለበት። ዳኑብ ዳር ያ ሁሉ መንደር አልጋ የሚያከራየው፣ ገበሬው ደጃፉ ላይ ኮክ የሚመስለውን ፍሬ በሳጥን ደርድሮ የሚሸጠው ለዚህ ነው። መኪና የያዘ ሰው ከአዲስ አበባ ጥያ ደርሶ ፎቶ ተነስቶ ለምሳ ቦሌ ይመለሳል፣ ለዚች እናት ያተረፈላት አቧራ ነው። መንገዱ ዳር ሁለት ሜትር አስፋልት ጨምሮ፣ በየአስር ኪሎ ሜትሩ ያቺን ትንሽ ሰሌዳ ማቆም ማለት ለሷ ደንበኛ ማምጣት ማለት ነው። ይሄን ለማን ነው የምነግረው?

"አዲስ አበባ ዳገት ነው፣ ሳይክል አይሆነንም" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ባህር ዳርና ሀዋሳ ስትሄድ አባወራው፣ ተማሪው፣ የመንግስት ሰራተኛው በሳይክል ነው፣ ማንም አላፈረም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ትልቁ የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ገብቷል። ሳይክል ከኛ የራቀ ነገር አይደለም፣ መሀል ከተማ ላይ ነው ያፈርንበት።

መመለሻው ዳገት ስለሆነና ስለመሸብን ሚኒባስ ለመንን። ረዳቱ ሳይክሎቹን ፖርቶ መጋላ ላይ በገመድ ጠፈራቸውና ለእያንዳንዱ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀ። ኦስትሪያም ባቡር ላይ ለሳይክል ትኬት ትቆርጣለህ፣ ክፈል መባሌ አልከፋኝም፣ ግን እዛ ማሰሪያ ያለው የራሱ ቦታ አለው፣ እዚህ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጣራው ሲንቋቋ ልጁ "ጋሼ፣ የጓደኛዬ ሳይክል ነው እኮ" እያለ ሊያለቅስ ደረሰ። ስናወርደው የአንዱ ፔዳል ተጣሟል። ሰኞ አሰርቼ ሰጠሁት።

አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። አቧራችንን አይታ ልትቆጣ ስትል ልጁ ቀደማትና ስለ ባልጩቱ፣ ስለ ጎሚስታው፣ ስለ ወንዙ አወራላት፣ አላቋረጠችውም። እራት አቅርባ ስታበቃ፣ አባቷ በልጅነቷ ስለ ጥያ ድንጋዮች "የግራኝ ድንጋይ ነው" እያሉ ያወሩላት እንደነበር ነገረችን፣ ሄዳ ግን አይታቸው አታውቅም፣ ስልሳ ስምንት አመቷ ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም ገና አላየኋቸውም። በረራዬ ሐሙስ ነው። ሁለት ካላማዳሪያና አንድ የእጅ ፓምፕ ገዝቼ ለልጁ ሰጥቼዋለሁ።