ጎበዙን መምህር ለአንደኛ ክፍል

የማጠናቀቂያ ፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር የሚሰማው ወቀሳ አንድ ዓይነት ነው። ተማሪው ሰነፈ፣ ስልክ አዘናጋው፣ መምህሩ ግዴለሽ ሆነ ይባላል። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር የተሰማውም ይኸው ነው። በሌሎች ታዳጊ አገሮችም ወሬው ብዙ አይለይም። ለእኔ ግን ጥያቄው የሚነሳው አሥር ዓመት ዘግይቶ ነው። በ12ኛ ክፍል ከሚወድቁት ልጆች ብዙዎቹ የወደቁት 2ኛ ክፍል ሳሉ ነው፤ ያኔ ግን ውጤታቸውን የለጠፈም፣ የደነገጠም አልነበረም።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ስሌት መሠረት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ካሉ የአሥር ዓመት ልጆች 53 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ካዘጋ በኋላ በ2022 የወጣው ግምት ቁጥሩን ወደ 70 በመቶ አድርሶታል። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ማላዊ በ1994፣ ኡጋንዳ በ1997፣ ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ክፍያን ሲያስቀሩ፣ በኬንያ ብቻ በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተጨማሪ ተመዝግበዋል። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ችግሩ በሩ ሲከፈት በክፍሉ ውስጥ ያለው አሠራር እንደ ድሮው መቅረቱ ነው። ጥቂት ፈጣን ልጆችን መርጦ ወደ ላይ ለማሳለፍ የተሠራ ሥርዓተ ትምህርት ሁሉንም ልጅ እንዲያስተምር ተጠየቀ።

ልጁ ማንበብ ሳይችል እንዴት ሦስትና አራት ክፍል ያልፋል? ሰማንያ ልጆች የተቀመጡበትን አንደኛ ክፍል ተመልከቱ። መምህርቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለው ልጅ መጽሐፉን ገልጦ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሳይሳሳት ይወጣዋል። ከመስመሩ መሐል አንዷን ቃል በጣት አሳይታችሁ “ይህቺ ምን ትላለች?” ስትሉት ግን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለስና እየቆጠረ ይመጣል፤ ቃሏ ላይ ሲደርስ ይነግራችኋል። ልጁ አላነበበም፣ በቃሉ ይዞታል። ሰማንያ ልጅ የያዘች መምህርት ይህን ለማወቅ ለየብቻቸው መስማት አለባት፤ ለዚያ ደግሞ የተመደበላት ጊዜ የለም። የምዕራፎቹ ቁጥር ከሳምንቶቹ ጋር ተቆጥሮ ተሰጥቷታል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣም የሚጠይቃት “የት ደረስሽ?” ብሎ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የመምህራን ምደባ ነው። በብዙ ቦታ አንደኛ ክፍል የሚሰጠው አዲስ ለተቀጠረ፣ ሥልጠናው ላላለቀ ወይም ከርዕሰ መምህሩ ጋር ላልተስማማ ሰው ነው። ልምድ ያለውና የተመሰገነው መምህር ፈተና ወደሚወሰድበት ክፍል ይወጣል፤ ርዕሰ መምህሩ የሚለካው በዚያ ክፍል ውጤት ነውና። በዚያ ላይ ታችኛው ክፍል ተጨናንቆ፣ ላይኛው ግማሹ ልጅ ስላቋረጠ ሰፋ ብሎ ይገኛል። በጣም ከባዱን ሥራ በጣም ትንሽ ድጋፍ ላለው ሰው ሰጥተን፣ ከዓመታት በኋላ ልጆቹ ለምን ወደቁ ብለን እንጠይቃለን። አንድን ሕፃን ፊደል ከድምፅ ጋር እንዲያዛምድ ማስቻል ረቂቅ ሙያ ነው። ማንም የተማረ ሰው ያስተምረዋል የሚለው ግምት ብዙ ትውልድ አስከፍሎናል።

ዕቃ በመግዛት ብቻ ይህን መሙላት እንደማይቻል ደጋግሞ ታይቷል። በኬንያ ገጠር በ1990ዎቹ ለትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ታደሉ፤ የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለነበር ሌሎቹ ሊያነቧቸው አልቻሉም። ፔሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አከፋፈለች፤ በ2012 የወጣው ጥናት በሒሳብም በቋንቋም ለውጥ አላገኘም። የደመወዝ ጉዳይ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢንዶኔዥያ በ2005 ባወጣችው ሕግ የሙያ ማረጋገጫ ያገኙ መምህራን የመነሻ ደመወዛቸውን ያህል አበል እንዲያገኙ አደረገች። መምህራኑ ረኩ፣ ሁለተኛ ሥራ መሥራትም ቀነሱ፤ የተማሪዎቹ ውጤት ግን ባለበት ቆየ። መምህር በደመወዙ ተከብሮ መኖር አለበት፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ግን ክፍሉ ውስጥ የሚሠራበት መንገድ ካልተለወጠ ደመወዙ ብቻውን ልጁን አንባቢ አያደርገውም።

የሚሠራው ምን እንደሆነ ደግሞ ከሕንድ ተምረናል። ፕራትሃም የተባለው ድርጅት ልጆችን በዕድሜና በክፍል መመደቡን ለጥቂት ሰዓት ትቶ በሚችሉት መጠን ይከፋፍላል፦ ፊደል የሚለዩ፣ ቃል የሚያነቡ፣ አንቀጽ የሚያነቡ። ከዚያ እያንዳንዱን ቡድን ካለበት ተነስቶ ያስተምራል። በቢሃር ግዛት የመንግሥት መምህራን ይህን በአንድ ወር የክረምት ትምህርት ሞክረውት ልጆቹ ተሻሽለዋል። ትምህርት ሲከፈት ሥልጠናውና መጻሕፍቱ እያሉ ውጤቱ ጠፋ፤ ሁሉም ወደ ምዕራፍ መጨረስ ተመልሶ ነበርና። በሃርያና ግዛት ግን ለዚህ ሥራ ብቻ በቀን አንድ ሰዓት ተከለለ፤ ሱፐርቫይዘሮቹም መምህራንን ከማሠልጠናቸው በፊት ለቀናት ራሳቸው ክፍል ገብተው አስተማሩ። እዚያ ሠራ። ለእኔ ይህ ልዩነት ከማንኛውም የፖሊሲ ሰነድ ይበልጥ ያስተምራል፦ መምህሩ ይችላል፤ የከለከለው የሰዓት ድልድሉና አለቃው የሚጠይቀው ነገር ነው።

ኬንያም ብትሆን ከ2015 ጀምሮ ቱሶሜ በተባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ የየቀኑን ትምህርት የሚያሳይ መምሪያ፣ በክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያግዝ ባለሙያ አቀናጅታ በመላ አገሪቱ የንባብ ውጤት አሻሽላለች። በድሃው የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ሶብራል ከተማ ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልጅ ሁሉ በሰባት ዓመቱ እንዲያነብ ግብ አስቀመጠች። ርዕሳነ መምህራን በፖለቲካ ትውውቅ መሾማቸው ቀርቶ በውድድር ተመረጡ፤ የልጆቹ ንባብ ከትምህርት ቤቱ ውጭ በሆኑ ሰዎች በየጊዜው ተመዘነ። በ2005 በብሔራዊው የትምህርት ጥራት መለኪያ ከሺህ በላይ ከተሞች ይቀድሟት ነበር። በ2017 በአንደኛ ደረጃም፣ በቀጣዩ የመካከለኛ ደረጃም ከአገሪቱ አንደኛ ወጣች።

ልጁ የሚማርበት ቋንቋ ካልገባው ይህ ሁሉ ይሰናከላል። ዩኔስኮ እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 40 በመቶው በሚናገረውና በሚረዳው ቋንቋ የመማር ዕድል የለውም። ልጅ የማያውቀውን ቃል ፊደል ቆጥሮ ቢያወጣው እንኳ ትርጉሙ ላይ አይደርስም።

ሁለተኛ ደረጃስ ይጠብቅ ወይ የሚሉ አሉ። አይጠብቅም። ዛሬ 9ኛ ክፍል ያለው ተማሪ ወደ አንደኛ ክፍል ሊመለስ አይችልም፤ ስለዚህ እሱንም ካለበት መነሳት ያስፈልጋል። በዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ አንብቦ የተረዳውን ይናገር፣ ክፍልፋይና ማካፈል ይሥራ። ክፍተት የተገኘበት ከሰዓት በኋላ በሚሰጥ ቲውቶሪያል ሳይሆን በመደበኛው ሰዓት፣ ከፊዚክስና ከታሪክ ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ፣ ንባብና ሒሳብ ይሞላለት። ፊዚክሱ ይጎዳል የሚል ሥጋት ይነሳል። ጥያቄውን አንብቦ የማይረዳ ልጅ ግን ያንን ፊዚክስ ዛሬም እየተማረ አይደለም። ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃም አዲስ መሣሪያም አያስፈልግም፤ የትምህርት ሚኒስቴሮች የመጀመሪያውን ወር የምዕራፍ ዕቅድ ከመምህሩ ላይ የሚያነሳ አንድ መመሪያ ቢጽፉ በሚቀጥለው መስከረም ሊጀመር ይችላል።