ዜማው ብቻ ሳይሆን ፊደሉም ነው ያስቸገረኝ

ግማሹ የጠፋብንን ዘፈን ስልክ ላይ አንጎራጉረን ስለማግኘት የጻፋችሁትን አነበብኩ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንድ የድሮ ዘፈን ተከፍቶ ነበር። ሳያልቅ ወረድኩ። ማታ ለጉግል አንጎራጎርኩለት፤ የህንድ ዘፈን አመጣልኝ! (ድምፄም ሳይኖርበት አይቀርም።)

የዘፈኖቻችን ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ነው የሚሄዱት። በአንድ ቅኝት ስንት ዘፈን አለ መሰላችሁ! ስለዚህ በዜማው ከመፈለግ ግጥሙን ጽፎ መፈለግ ይሻላል። ግን እዚህም ጉድ አለ። ትዝ ያለኝ ስንኝ ውስጥ «አይን» የሚል ቃል ነበር። በ«አ» ጻፍኩት፣ የለም። በ«ዐ» ሞከርኩ፣ የለም። «ዓይን» ስል ዘፈኑ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። «ሀ»ን በ«ሐ»ና በ«ኀ»፣ «ሰ»ን በ«ሠ»፣ «ጸ»ን በ«ፀ» እየቀያየራችሁ ፈልጉ።

እግረ መንገዴን፣ ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ቡና ላይ አንድ ጥያቄ ተነሳ። በፈረንጆቹ 2005 በወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ የማን ኢትዮጵያዊ ሙዚቃ ነው ያለው? ጓደኛዬ «ማህሙድ!» ብሎ ተወራረደ። ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ቡናውን እሱ ከፈለ።